አርብቶ አደሩን ሥራ ፈት ያደረገው መጠይቅ

የሠራተኛ ኃይል ጥናት ውጤት በወጣ ቁጥር የማይቀር ትዕይንት አለ። ስብሰባ ይጠራል፤ ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ ይበራል፤ ክልሎች በተሳትፎ ምጣኔያቸው ከላይ እስከ ታች ይደረደራሉ። ዓይን ሁሉ ሶማሌ ክልል ላይ፣ ቀጥሎም አፋር ላይ ያርፋል። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የሴቶቹ ይብሳል። አንዱ ማይክሮፎን ይጨብጥና «ችግሩ የሥራ ባህል ነው» ይላል። ሌላው «አመለካከት ላይ ካልሠራን ለውጥ አይመጣም» ብሎ ያጸናለታል። በሻይ ሰዓት ደግሞ ጨዋነቱ ይገፈፋል፦ «እነሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫት ከመቃም ሌላ ምን ያውቃሉ?» በዚያው ሰንጠረዥ ከከፍተኞቹ ተርታ የተሰለፈው የአማራ ወይም የቤኒሻንጉል ገጠር ግን «ታታሪ ሕዝብ» ተብሎ ይጨበጨብለታል።

ነቀፋውም ጭብጨባውም ከንቱ ነው። ያ ቁጥር ስለ ትጋት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። የሚናገረው ማን ምን ተብሎ እንደተጠየቀና አንድ ቤተሰብ ሁሉንም አባላቱን ሳያሠራ ማደር ይችል እንደሆነ ነው። ከዚህ አልፎ የሕዝብን ጠባይ ያነበበበት ሰው ያነበበው የገዛ ንቀቱን ነው።

እስቲ ቁጥሩን ራሱን እንየው። የተሳትፎ ምጣኔ የሚባለው ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ውስጥ ሥራ ላይ ያለውና ሥራ አጥቶ «ልሥራ» የሚለው ተደምረው ስንት በመቶ እንደሚሆኑ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ወገን ይዘነጋዋል። ሥራ አጡም ተሳታፊ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዲግሪውን ይዞ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆመው ወጣት የከተማዋን ምጣኔ ከፍ ያደርገዋል፤ «በቃኝ፣ ከእንግዲህ አልፈልግም» ብሎ ቤቱ የገባ ቀን ይቀንሰዋል። ሥራ ላይ አለ የሚባለውም ቢሆን በዓለም አቀፉ መስፈርት ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ነው። አንድ ሰዓት! ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ ያንኑ ቆብ ለጎረቤቱ ሰፍቶ አሥር ብር ቢቀበል በዚህ ደንብ ሠራተኛ ሆኖ ይቆጠራል፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሞፈሩ ጋር ከዋለው ገበሬ እኩል። ታታሪውን ከሰነፉ እንለይበታለን የሚባለው መለኪያ ይህ ነው።

ከዚያ ደግሞ የተጠየቀው ማን እንደሆነ አለ። በዛሬ ስሙ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት አገር አቀፍ የሠራተኛ ኃይል ጥናት ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ2005፣ በ2013 እና በ2021 ነው። የ2005ቱ ጥናት ጋምቤላን ሙሉ በሙሉ ትቶታል። ከአፋር የዚያን ጊዜ አምስት ዞኖች በሦስቱ፣ ከሶማሌ ክልል በወቅቱ ከነበሩት ዘጠኝ ዞኖች በስድስቱ የሚኖረውን፣ ቋሚ መቀመጫ የሌለውን ሕዝብም አላካተተም። ቋሚ መቀመጫ የሌለው ማለት መንጋውን ተከትሎ ውኃና ግጦሽ ወዳለበት የሚሄደው፣ የአካባቢው ኢኮኖሚ የቆመበት ሰው ማለት ነው። እሱ ካልተጠየቀ የሚቀረው ባመዛኙ ከተሜው፣ ከፊል አራሹና ከብቱን አጥቶ ከተማ ዳር የሰፈረው ነው። የእነዚህ መልስ ተሰብስቦ «ሶማሌ ክልል» ተባለ። መሥሪያ ቤቱ የደበቀው ነገር የለም፤ ሽፋኑ ምን ያህል እንደሆነ ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጽፎታል። ያን ገጽ ዘልሎ ሰንጠረዡን የመዘዘው አንባቢ ነው ተጠያቂው።

ወደ ሴቶቹ ልምጣ፤ የስድቡ ዋና ዒላማ እነሱ ናቸውና። አፋር ውስጥ ቤት የሚሠራው ማነው? ሴቷ ናት። ዳቦይታ የሚባለውን ቤት እንጨቱን አጉብጣ፣ የገዛ እጇ በሠራው የዘንባባ ሰሌን አልብሳ የምታቆመው፣ ሰፈር ሲለወጥም ነቅላ ግመል ላይ የምትጭነው እሷ ናት። ሶማሌ ዘንድም አቃል የሚሉትን ቤት መትከልና መንቀል የሴት ሥራ ነው። ፍየልና በግ ታልባለች፤ ወተት ትንጣለች፤ ግልገል ትጠብቃለች፤ የታመመ እንስሳ ታስታምማለች። ሶማሌዎች ጂላል በሚሉት ረጅም የበጋ ወራት ደግሞ አህያዋን ጀሪካን ጭና ውኃ ፍለጋ ትወጣለች፤ ለአንድ ምልልስ ቀኑ ሊያልቅ ይችላል። ይኸው ሥራ አዲስ አበባ ላይ በጨረታ ይውጣ ቢባል ለግንባታው፣ ለማጓጓዙ፣ ለወተቱና ለውኃው ለየብቻው ተቋራጭ በመጣ ነበር፤ እያንዳንዱም ደረሰኝ ይቆርጥ ነበር። እሷ ግን መጠይቁ ላይ የቤት እመቤት ትባልና ከሠራተኛ ኃይሉ ውጪ ትመዘገባለች።

የሚገርመው የባለሙያዎቹ ደንብ ራሱ እንዲህ አለማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ዓለም አቀፍ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት ውኃ መቅዳትን፣ ማገዶ መልቀምን፣ ለቤት የሚሆን ሰሌን መሥራትን እንደ ምርት ይቆጥራቸዋል። የሚጠፉት ጥያቄው ላይ ነው። «ባለፈው ሳምንት ሥራ ሠርተዋል?» ተብላ የተጠየቀች እናት ደመወዝ ያለበትን ነገር ታስብና «ኧረ እኔ ሥራ የለኝም» ትላለች። «ከብት አልበዋል? ውኃ ቀድተዋል? የሚሸጥ ቅቤ አዘጋጅተዋል?» ብሎ አንድ በአንድ ያልጠየቃት መረጃ ሰብሳቢ በ«የለኝም» ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል። ለቋሚ ገበሬና ለቅጥር ሠራተኛ የተሰፋን መጠይቅ አርብቶ አደር ሰፈር ወስዶ ማንበብ ወተትን በቁና መስፈር ነው፤ ፈስሶ የቀረውን አይቶ «ይህች ላም አትታለብም» የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም።

ይህን ከአእምሮዬ አላመነጨሁትም። ኤሌና ባርዳሲ፣ ካትሊን ቢግል፣ አንድሪው ዲሎንና ፒተር ሰርኔልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ታንዛኒያ ውስጥ ነገሩን በሙከራ ፈትነውታል። ቤተሰቦችን በዕጣ መደቡና ለአንዳንዱ አጭር፣ ለአንዳንዱ ዝርዝር መጠይቅ ሰጡ፤ ከፊሉን ባለቤቱን ራሱን፣ ከፊሉን ሌላ የቤት ሰው ጠየቁ። የሠራተኛ ኃይል ተሳትፎ ምጣኔው በአጠያየቁ ብቻ እስከ 10 የመቶኛ ነጥብ ተለያየ። አጣሪ ጥያቄ የሌለው አጭሩ መጠይቅ የሴቶቹን ተሳትፎ ዝቅ አደረገው። አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ ወቅት፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ከዚያ 10 ነጥብ ላይ ስንት የአመለካከት ሥልጠና በጀት ይያዝበት ነበር?

መጠይቁን ብናሻሽለው እንኳ የማይወጣ ሥራ አለ። ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅ፣ ከሶማሌላንድ ድንበር ላይ ቶጎ ውጫሌ አለች። በዚያ በኩል ስኳር፣ ዱቄት፣ ጨርቅ፣ ኤሌክትሮኒክስ ይገባል፤ በዚህ በኩል ከብትና ጫት ይወጣል። በዚህ መስመር ላይ ትንንሹን ንግድ የሚያንቀሳቅሱት በብዛት ሴቶች ናቸው። ዕቃውን በብጥስጣሽ ያሻግራሉ፤ በዱቤ ይቀባበላሉ፤ ከኬላ ኬላ ይደዋወላሉ፤ የምንዛሪውን ዋጋ ከባንክ ሠራተኛ ቀድመው ያውቃሉ። መንግሥት ለዚህ ሁሉ ያለው ስም ኮንትሮባንድ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን የመንግሥት መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ደጃፏ ላይ ቆሞ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ይላታል። ምን ብላ ትመልስለት? ባለፈው ወር ዕቃዋን የወረሰባት የጉምሩክ ሠራተኛም መታወቂያ ነበረው። ልጆቿን አሳይታ ቤት እንደምትውል ትነግረዋለች፤ እሱም ያምናታል። ሥራዋን ወንጀል ያደረገ መንግሥት ተመልሶ «ሴቶቹ አይሠሩም» ብሎ ሲያዝን መስማት ሳቅ ያስመጣ ነበር፣ ሐዘኑ ወደ ፖሊሲ ባይለወጥ።

ድርቁንም የሚያነሳ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈዋል፤ ሶማሌ ክልል ውስጥ መንጋ ከነዘሩ አልቋል። ፋብሪካ ቢዘጋ ሠራተኛው ሥራ አጣ ይባላል፣ ዜና ይሆናል። የአርብቶ አደሩ ፋብሪካ መንጋው ነው። ግመሉና ፍየሉ የሞተበት አባወራ ቤተሰቡን ይዞ መጠለያ ሲገባ ግን ሥራ ያጣ የሚለው የለም፤ የሚፈልገው የተለየ «ሥራ» ስለሌለ ከሠራተኛ ኃይሉ ውጪ ይወድቃል፤ የክልሉ ምጣኔም አብሮት ይወርዳል። ከዚያ አንዱ ማይክሮፎን ይጨብጣል።

አሁን የሚጨበጨብለትን ቁጥር እንገልብጠው። እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ የነበሩት ጥናቶች በኢኮኖሚ ንቁ የሚሉትን ሕዝብ መቁጠር የሚጀምሩት ከ10 ዓመት ዕድሜ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። በሕግ ሊቀጠር የማይችል፣ ከትምህርት ቤት ቀርቶ በግ የሚጠብቅ የ11 ዓመት ልጅ የደጋውን ምጣኔ ከፍ ሲያደርግ ኖሯል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው የሕፃናት ጉልበት ጥናት በአገሪቱ ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 16 ሚሊዮን ገደማ በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ መሆናቸውን አግኝቷል። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ጡረታ የሚባል ነገር የማያውቁ፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚያርሙ አዛውንት አሉ። ልጅም ሽማግሌም ካልሠራ ጾም የሚታደርበት ቤት ምጣኔው መቶ ሊጠጋ ይችላል። ለዚህ ነው የምታጨበጭቡት?

የዓለም ሰንጠረዥም ይህንኑ ይናገራል። የማዳጋስካር ምጣኔ ከጣሊያን እጅግ ይበልጣል፤ ጣሊያን ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ተሳታፊው ግማሽ ገደማ ነው። ጣሊያንን ትቶ ወደ ማዳጋስካር የሚሰደድ ሠራተኛ ግን አላየንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት ክላውዲያ ጎልዲን የሴቶች ተሳትፎ በድሃ የግብርና ኢኮኖሚ ከፍ ብሎ እንደሚጀምር፣ ኢኮኖሚው ከእርሻ ሲላቀቅ እንደሚወርድ፣ ትምህርትና የቢሮ ሥራ ሲስፋፋ ደግሞ መልሶ እንደሚያድግ አሳይተዋል። ስለዚህ የአንድ ክልል ቁጥር ዝቅ ማለቱ ውድቀትም፣ ሽግግርም፣ የትምህርት መስፋፋትም ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚለይ የለም። ጣሊያኖች በነገራችን ላይ የእኛን ሐሜት ከእኛ በፊት ያውቁታል። በሲሲሊና በካምፓኒያ ሥራ ላይ ያሉት ሴቶች ከሦስት አንድ ገደማ ናቸው፤ በሰሜኑ ትሬንቲኖ ከግማሽ በብዙ ይበልጣሉ። የሰሜኑ ሰው ለዚህ ደቡቡን ሰነፍ ሲል ኖሯል፤ በደቡብ ያለ ውል በድብቅ የሚሠራውን ሰው ብዛትና የሕፃናት ማቆያ እጥረቱን ግን አያነሳም።

የእኛው አገር አቀፍ ቁጥርስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ከነበረበት 80 በመቶ ገደማ በ2021 ወደ 65 በመቶ ገደማ ወርዷል። ትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ከጥናቱ ወጥታለች፤ መጠይቁ የፍልሰት ጥያቄዎች ተጨምረውበታል፤ ኮቪድም ነበር። «ኢትዮጵያውያን በስምንት ዓመት ውስጥ ሰነፉ» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም፤ ሁሉም ምክንያት ፈለገ፣ ትክክልም አደረገ። ምክንያት የመፈለግ ትዕግሥት አፋር ላይ ሲደርስ ለምን ያልቃል?

ትርጉሙ በተለወጠ ቁጥር ክልሎች ቦታ እንደሚለዋወጡም ልንዘጋጅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ «ተቀጣሪ» ወይም «ሥራ ላይ ያለ» የሚባለው ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራ ብቻ እንዲሆን ወስኗል፤ በዋናነት ለቤቱ ፍጆታ የሚያመርት ሰው ሥራው ሥራ ቢባልም ከዚህ ዝርዝር ይወጣል። ይህ በጥብቅ ሲተገበር ጤፉንና ገብሱን ለጎተራው የሚያመርተው የወሎና የጎንደር ገበሬ በአንድ ጀምበር ከሠራተኛ ኃይሉ ይሰናበታል። ያን ጊዜ «ታታሪው» ደጋ የአፋር ጎረቤት ሆኖ ቁልቁል ይወርዳል። የሥልጠናው አውቶቡስ ወደዚያም ይሄድ ይሆን?

ከወሎ አንድ ነገር ልጨምር። እናቷ ቤት እንጀራ የምትጋግር፣ ልብስ የምታጥብ፣ ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጃገረድ ለዚህ ሥራዋ ከሠራተኛ ኃይሉ ውጪ ናት። አዲስ አበባ መጥታ በሰው ቤት ያንኑ ስትሠራ ተቀጣሪ ትሆናለች፣ የአዲስ አበባን የሴቶች ምጣኔም ታሳድጋለች። ጅዳ ወይም ቤይሩት ስትሄድ ያንኑ እየሠራች የሳዑዲ ወይም የሊባኖስ ቁጥር ውስጥ ትገባለች። ከአገር አገር የተለወጠው ብር የሚከፍል ሰው መኖሩ ነው፤ የልጅቱ ትጋት ያው ነበር።

ተቃዋሚዎቼ አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፣ አላልፈውም። «ሁሉን በመለኪያው ካመካኘህ እውነተኛውን ጭቆና ትሸፍናለህ» ይላሉ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ አለ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት አለ፣ ሀብቱ በባል ስም መሆኑ አለ። እውነት ነው። የሶማሌና የአፋር ሴት እንደ ልቧ ገበያ ወጥታ በስሟ ፈቃድ ብታወጣ ቁጥሩም ኑሮዋም በተሻለ ነበር። ግን ይህ ክርክር የሚረዳው እኔን ነው። ከለከላት ያላችሁት ነገር ሁሉ ከእሷ ፍላጎት ውጪ ያለ ነው፤ ታዲያ የእሷ አመለካከት ላይ የሚሠራው ለምንድን ነው? ብድሩን እንየው። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅ ብድሩ ወለድ ነበረበት፤ ወለድን በእምነቱ ለሚሸሽ ወጣት በሩ ክፍት ነበር ማለት አይቻልም። ከወለድ ነፃ ብቻ የሚሠራ የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እስከዚያ ድረስ ካፒታል እንደ ልቡ ያላገኘን ሕዝብ በሥራ ፈጠራ አልተሳተፈም ብሎ መክሰስ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የሐሰቱ አነባበብ ዋጋ ያስከፍላል። ምክንያቱ አመለካከት ነው ከተባለ መፍትሔው ሥልጠና ይሆናል፤ ሥልጠና አዳራሽ፣ ባነር፣ አበል ይፈልጋል። ሠልጣኟ ፍየሎቿን ለልጇ ትታ ትመጣለች፤ ልጇ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ይቀራል። በዚያ ገንዘብ የውኃ ጉድጓድ ቢጠገን በየቀኑ ሰዓታት ይመለሱላት ነበር፤ በተመለሰላት ሰዓት ደግሞ ወተቷን ጅግጅጋ አውርዳ ትሸጣለች፣ መጠይቁም ያገኛታል። ውኃ ያቀረበ ሰው የተሳትፎ ምጣኔን ከአሠልጣኙ ይበልጥ ያሳድጋል የምለው ለዚህ ነው፤ ምጣኔውን ማሳደግ ግዴታ ነው ከተባለ።

ስለዚህ ለስታቲስቲክስ አገልግሎት፦ በቀጣዩ ዙር መንጋውን ተከተሉት፤ በጂላልም በዝናቡም ወቅት ጠይቁ፤ ሴቷን ራሷን፣ አንድ በአንድ፣ ጉምሩክን በማያስታውሳት አንደበት ጠይቋት፤ ከምጣኔው ጎን የሠራችውን ሰዓትና ውኃው ያለበትን ርቀት አትሙ። ለክልልና ለፌዴራል ባለሥልጣናትም፦ ያ እስኪሆን ድረስ ያችን አንዲት ዓምድ ይዛችሁ ለማንም የሥራ ባህል አታስተምሩ፤ በጀቱን ለጉድጓዱ ስጡት።